ከሬዚን ኪት ለትንሽ ሞዴል ባቡር የጀርባ ሕንፃ አሠራር

ወደ ጎንደር የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ስለሌለ፣ በዚህ ከተማ ተቀምጦ ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ጣቢያውንም ሆነ መጋዘኑን ከሌላ ቦታ መዋስ ይኖርበታል። እኔ የተዋስሁት ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ከተዘረጋው አሮጌ መስመር ነው። የመስመሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ይህንን መስመር በ1፡87 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይጠቀማል።

የእኔ ሰሌዳ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሐዲዱ፣ የጣቢያው መድረክና መንገዱ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ከኋላ የተረፈው 4 ሳንቲሜትር ያህል ስለነበር፣ ሙሉ ሕንፃ ለማቆም የሚበቃ ስፍራ አልነበረም። እንዲህ ላለው ችግር የሚያገለግለው የጀርባ ሕንፃ ነው፤ ይኸውም ፊቱ የተሟላ፣ ጎኖቹ አጫጭር፣ ጀርባው ጨርሶ የሌለ፣ ሰማይ በተቀባበት ሰሌዳ ላይ ተጠግቶ የሚቆም ሕንፃ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ የሚያየው ሰው ከአንድ አቅጣጫና ከተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ድካሙ ሁሉ ከዚያ ርቀት በሚታዩት ነገሮች ላይ፣ ማለትም በግድግዳው ቀጥ ማለት፣ በጣሪያው መስመር፣ ሕንፃው ከመሬት በሚገናኝበት ጠርዝና በቀለሙ ላይ መዋል አለበት። ከ80 ሳንቲሜትር ርቀት የማይታይ የበር እጀታ ለማበጀት አንድ ሙሉ ምሽት ያጠፋሁበትን ጊዜ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ስኬሉን መምረጥ

ኪት፣ ማለትም ቁራጮቹ በሣጥን ተሸጠው በገዢው የሚገጣጠም ሞዴል፣ ከመግዛት በፊት የሕንፃው ስኬል መወሰን አለበት። ቁመቱ 2.10 ሜትር የሆነ በር በ1፡87 ሲሠራ 24 ሚሊሜትር፣ በ1፡120 ሲሠራ ደግሞ 17.5 ሚሊሜትር ይሆናል። በ1፡87 ሐዲድ ጀርባ በ1፡120 የተሠራ ሕንፃ ቢቆም፣ ዓይን ሕንፃው ያነሰ ሳይሆን የራቀ አድርጎ ስለሚቀበለው ጠባቡ ሰሌዳ ሰፊ መስሎ ይታያል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን በሩና ፉርጎው ጎን ለጎን ሆነው እስካልተወዳደሩ ድረስ ነው። መጋዘኑ ዕቃ የሚጫንበት ከሆነና ፉርጎ በሩ ሥር የሚቆም ከሆነ ስኬሉ ከባቡሩ ጋር አንድ መሆን አለበት። ትንሹን ስኬል የመረጠ ሰው በሕንፃውና በሐዲዱ መካከል የአጥር ግንብ ወይም ቁጥቋጦ አስገብቶ የበሩን ታችኛ ክፍል ቢሸፍን ይመረጣል።

ሣጥኑን መክፈት

እኔ የሠራሁት ኪት ፊት ለፊቱ ባለ ድንጋይ የሆነ የአውሮፓ የዕቃ መጋዘን ሲሆን፣ ወደ ጎንደር የገባውም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ አንድ ቁራጭ ቢጎድለው ምትክ ለማግኘት ወራት ስለሚጠይቅ፣ ሣጥኑ በተከፈተበት ዕለት ቁራጮቹን ከመመሪያው ወረቀት ጋር እያመሳከሩ መቁጠርና ጥቃቅኖቹን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሬዚን በሁለት ፈሳሾች ቅልቅል ተሠርቶ በሲሊኮን ጎማ ፎርማ ውስጥ የሚፈስና እዚያው የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። በፋብሪካ ማሽን በግፊት ከሚሠራው ተራ የፕላስቲክ ኪት በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በፎርማው ጠርዝ ያመለጠ ስስ ትርፍ፣ ፈሳሹ የገባበት ወፍራም ጉርድና አልፎ አልፎ የአየር አረፋ የተወው ቀዳዳ ይገኝበታል። ሁለተኛ፣ ሰፊ ግድግዳዎች ብዙ ጊዜ ጎብጠው ይመጣሉ። ሦስተኛ፣ ፕላስቲክን አቅልጦ የሚያጣብቀው የሞዴል ሙጫ በሬዚን ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ሬዚን የሚጣበቀው በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ነው።

ከኪቱ ሌላ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቁጥር 180፣ 320 እና 600 ብርጭቆ ወረቀት፣ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ትንሽ ስኳድራ፣ የመኪና ስቱኮ፣ ኢፖክሲና ሱፐር ግሉ ይገዛል። ከቤት ደግሞ ላርጎ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ የልብስ መቆንጠጫና ጠፍጣፋ የመስታወት ቁራጭ ይሰበሰባል። መስታወቱ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ ቀጥ ያለ ነገር በላዩ ካልተሠራ በቀር ቀጥ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለምና።

ማጠብ

ሬዚኑ ከጎማው ፎርማ በቀላሉ እንዲላቀቅ ሠሪዎቹ ቅባት የሚቀቡበት ጊዜ ስላለ፣ የዚህ ቅባት ቅሪት በቁራጮቹ ላይ ሊኖር ይችላል። በዓይን አይታይም፤ በእጅ ሲዳሰስም ሁልጊዜ አይታወቅም። የመጀመሪያውን ኪቴን ሳላጥብ ቀብቼው ነበር፤ ቀለሙ ያማረ ሆኖ ደርቆ ሳለ የመስኮቱን ዳር ለመለየት የለጠፍሁትን ስኮች ባነሣሁ ጊዜ የግድግዳው ቀለም እንደ ቆዳ ተገፎ አብሮት ወጣ።

ስለዚህ ቁራጮቹ ሁሉ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ላርጎ ለ15 ደቂቃ ያህል ከተዘፈዘፉ በኋላ፣ በጥርስ ብሩሽ በድንጋዮቹ መካከል ሳይቀር ተፈትገው በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃሉ። ውኃው በቧንቧው ቀዳዳ ሲወርድ ጥቃቅን ቁራጭ ይዞ እንዳይሄድ እጥበቱን በወንፊት ላይ ማከናወን ይገባል። ከታጠቡ በኋላ በጥላ ይደርቃሉ። ፀሐይ ላይ ማድረቅ የማይመከርበትን ምክንያት ወዲያው እገልጻለሁ።

የጎበጠውን ማቅናት

ሬዚን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይጸናል። ይህ ጠባይ ጉዳትም ጥቅምም አለው። አንድ ቀጥ ያለ የጎን ግድግዳ በየካቲት ፀሐይ መስኮት ደፍ ላይ ረስቼው ከሰዓት በኋላ እንደ ቀስት ጎብጦ አግኝቼዋለሁ። ያበላሸው ሙቀት ግን መልሶ ያቀናዋል። ቁራጩን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ነክሮ፣ በመስታወቱ ላይ አጋድሞ፣ በሌላ መስታወት ወይም በወፍራም መጽሐፍ ተጭኖ እስኪቀዘቅዝ መተው ይበቃል። የፈላ ውኃ አያስፈልግም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውኃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ያም ቢሆን ለስስ የመስኮት ፍሬም ይበዛበታል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የፈላውን ውኃ ከእሳት አውርዶ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨምርበት የሚፈለገውን ያገኛል። ቁራጩንም በጣት ሳይሆን በማንኪያ ያውጣው።

አንድ ጊዜ ያልቀና ቁራጭ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። በሙጫ ጉልበት አቀናዋለሁ ብሎ ጎባጣውን እንዳለ መለጠፍ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያው ሲከፈት ያስቆጫል።

መከርከምና ማለስለስ

ስሱ ትርፍ በምላጭ፣ ወፍራሙ ጉርድ ደግሞ በቀጭን መጋዝ ይወገዳል። ጉርዱን በፒንሳ መስበር አይገባም፤ ሬዚን ተሰባሪ ስለሆነ ስንጥቁ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የግድግዳው ጠርዝ የሚስተካከለው በመስታወቱ ላይ በተዘረጋ ቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ሲሆን፣ ወረቀቱ ሳይሆን ግድግዳው ነው የሚንቀሳቀሰው። በየጊዜው በስኳድራ እየለኩ፣ የግድግዳው ታችኛ ጠርዝ ከጎኑ ጋር 90 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል።

የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው። ስለሆነም ብርጭቆ ወረቀቱ በውኃ ረጥቦ መሠራት አለበት፤ ብናኙ አየር ላይ ከመውጣት ይልቅ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ማስክም ማድረግ ያስፈልጋል። ሥራው ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ባይሠራ መልካም ነው፤ ከተሠራም ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የአየር አረፋ ቀዳዳዎች ሁሉ መደፈን የለባቸውም። በተለሰነ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ዓይን ይስባል፣ ስለዚህ በስቱኮ ተደፍኖ ይለሰልሳል። በድንጋይ ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ግን እንደ ድንጋዩ ጠባይ ስለሚቆጠር ሊተው ይችላል። በማዕዘን ላይ የጎደለ ጠርዝ ካለ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ቢደረግበት ወዲያው ይጠነክራል፤ ቆየት ካለ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሞረድ ማስተካከል ያሻል።

መግጠም

ሙጫ ከመነካቱ በፊት ሕንፃው በወረቀት ስኮች ብቻ ተይዞ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ሕንፃውን በታሰበለት ቦታ አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ በባቡሩ ቁመት ማየት፣ እንዲያውም በስልክ ፎቶ አንስቶ መመልከት ብዙ ስሕተት ያጋልጣል። የእኔ መጋዘን በዚህ ጊዜ ነበር ከኋላ ከተረፈው ስፍራ ጥልቀት 6 ሚሊሜትር እንደሚበልጥ የታወቀው። የጎን ግድግዳዎቹን ከኋላ በኩል በመጋዝ አሳጠርሁና ችግሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። በሙጫ ከተያያዘ በኋላ ቢሆን ኖሮ ኪቱ ይበላሽ ነበር።

ረጃጅሞቹ የማዕዘን መጋጠሚያዎች በኢፖክሲ፣ ጥቃቅኖቹ በሱፐር ግሉ ቢያያዙ ይሻላል፤ ኢፖክሲ ዘግይቶ ስለሚይዝ በስኳድራ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከውስጥ በኩል በእያንዳንዱ ማዕዘን ከትርፍ እንጨት የተቆረጠ ባለ አራት ማዕዘን ድጋፍ ማጣበቅ ሕንፃውን ለዓመታት ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል። ጀርባው ክፍት ስለሆነና ግድግዳው ሊዘም ስለሚችል፣ በመላው ርዝመቱ ከኋላ አንድ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ እንደ ጀርባ ግድግዳ ሆኖ ይለጠፋል። አራዳ ገበያ አጠገብ የሚሠራ አንድ አናጢ ይህንን ኮምፔንሳቶ ሲቆርጥልኝ፣ «ጋሼ፣ ለአይጥ ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ነገር ግን ልኩን በግማሽ ሚሊሜትር ሳያዛንፍ ሠርቶልኛል።

ስለ ሱፐር ግሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በአየርና በዕቃው ላይ ባለ እርጥበት ነው። ስለዚህ በበጋ ደረቅ አየር ዘግይቶ ይይዛል፣ በክረምት ግን ገና ሳያስተካክሉት ይደርቃል። በበጋ መጋጠሚያውን በትንፋሽ እፍ ማለት ይረዳል። ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ሱፐር ግሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲፈስ በፍጥነት ይሞቃል፣ ብዙ ከሆነም ቆዳ ያቃጥላል፣ ይጨሳልም። ማታ ብርድ ሲሆን ጋቢ ተከናንቦ የሚሠራ ሰው በዚህ ሰዓት ጋቢውን ያስቀምጥ።

ጣሪያውን በቆርቆሮ መለወጥ

ኪቱ የመጣው በሸክላ ጣሪያ ነበር። ቅርጹ ያማረ ቢሆንም ለአገራችን ዓይን እንግዳ ስለሆነ፣ የሬዚኑን ጣሪያ ገልብጬ ለስላሳውን ገጽ ወደ ላይ አደረግሁና በላዩ ቆርቆሮ አለበስሁት። ከዚህ ሥራ ሁሉ ያስደሰተኝ ክፍል ይህ ነው።

የተለመደው የቤት ቆርቆሮ ከሞገድ እስከ ሞገድ 76 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን በ1፡87 ሲሠራ 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 6 ሚሊሜትር ተራ ብሎን ደግሞ ከጥርስ እስከ ጥርስ ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። ስለሆነም በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ የሚሸጠው ባለ 6 ሚሊሜትር ጥርሳም ዘንግ ጥሩ የቆርቆሮ ማውጫ ይሆናል። የእርጎ ዕቃ የአሉሚኒየም ክዳን ወይም ወፈር ያለ የምግብ ፎይል ለስላሳ ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ፣ ዘንጉ በላዩ በእኩል ጫና ሲንከባለል መስመሮቹ ይወጣሉ። ዘንጉ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሮቹ በትንሹ ያዘማሉ፤ ስለዚህ ፎይሉ የሚቆረጠው የራሱን ጠርዝ ሳይሆን የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። የአንዱ ቆርቆሮ ልክ ስፋቱ 9፣ ርዝመቱ 23 ሚሊሜትር ቢሆን ከእውነተኛው 80 ሳንቲሜትር በ2 ሜትር ጋር ይመሳሰላል።

ቆርቆሮዎቹ በስሱ በተቀባ ማስቲሽ ይለጠፋሉ። አለባበሱም እንደ እውነተኛው ቤት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሲሆን፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን 2 ሚሊሜትር ያህል ይደርባል። ሁሉንም አስተካክሎ መደርደር ጣሪያውን የመጫወቻ ያስመስለዋል፤ አንዱን ቆርቆሮ በጥቂቱ ማዛነፍ፣ ሌላውን ጫፉን ማንሣት፣ አንድ ቦታ ላይ አዲስ የተቀየረ የሚመስል ብሩህ ቆርቆሮ ማስገባት ይገባል።

ቀለም

መጀመሪያ የሚረጨው ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ለቀለሙ መደብ የሚሆን ቅብ ነው። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች የሚይዙት በጣሳ የታሸገ ርጭት ይበቃል። ርጭቱ ደጅ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቀት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ይከናወናል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ገጹን ነጭ ጉም ስለሚያለብሰው ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ ደረቅ ቀን መጠበቅ ወይም ሥራውን ለጥቅምት ማቆየት ይሻላል። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል።

የድንጋይ ግድግዳ ሲቀባ ብዙዎች ድንጋዩን ቀብተው በመካከል ያለውን ኖራ በኋላ ለመሙላት ይሞክራሉ። ተቃራኒው ይቀላል፤ ግድግዳው በሙሉ በኖራው ቀለም ይቀባና፣ ሲደርቅ፣ በድንጋዩ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ የድንጋዮቹ ፊት ብቻ ይዳበሳል። የፋሲል ግንብ ግድግዳ ከመንገድ ማዶ ሲታይ አንድ ወጥ ቡናማ ይመስላል፤ ተጠግቶ ለተመለከተው ግን አመድማ፣ ቡናማ፣ ጠቆር ያለ፣ ሽበት የለበሰ ድንጋይ ተደባልቆበታል፣ በመስኮቶቹም ቅስት ላይ ቀላ ያለ ድንጋይ ይታያል። በሞዴሉም ላይ ከስምንት ድንጋይ አንዱን በተለየ ቀለም መንካት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከተለያየ ግድግዳው ዝንጉርጉር ይሆናል።

ቀጥሎ ጥቁር ቡናማ አክሪሊክ በአሥር እጥፍ ውኃ ቀጥኖ፣ አንድ ጠብታ ላርጎ ተጨምሮበት፣ ከላይ ወደ ታች ይቀባል። ሳሙናው ውኃው ጠብታ ሆኖ እንዳይቆም ስለሚያደርገው ቀለሙ በየስንጥቁ ይገባል። የውኃ ወራጅ እድፍ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ክረምት ሲወጣ በጎንደር ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ማየት ጠቃሚ ነው፤ እድፉ ከመስኮት ደፍ ሁለት ጫፎች ሥርና አሸንዳ ከተቀደደበት ቦታ ይወርዳል እንጂ በግድግዳው መሐል ያለ ምክንያት አይገኝም። ለጥላሸት በብርጭቆ ወረቀት የተፈጨ ከሰል፣ ለአቧራ የተፈጨ ጠመኔና በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር በደረቅ ብሩሽ ይነሰነሳል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የጀርባ ሕንፃ ከሌላው የሚለይበት አንድ ደረጃ ይቀራል። ከጎሐ ተራራ ላይ ሆኖ ወደ አዘዞ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ቅርብ ያሉት ቆርቆሮዎች በጉልህ ሲታዩት፣ የራቁት ቤቶች እየፈዘዙ፣ በመጨረሻም ኮረብቶቹ ሰማያዊ እየመሰሉ ሲሄዱ ያያል። ያንን ለማምጣት ሰማዩ የተቀባበት ቀለም እጅግ ቀጥኖ በሕንፃው ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ በስሱ ይለበጣል። ከፊት ካሉት ሕንፃዎች ይልቅ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ አመድማ ሲሆን ሕንፃው ወደ ኋላ ይሸሻል። በደከሙበት ቀለም ላይ ይህንን ማድረግ ልብ ይነካል፤ ቢሆንም መደረግ አለበት።

መስኮትና ብርሃን

የመስኮቱ መስታወት ከዕቃ መጠቅለያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቆረጣል፣ ከውስጥም በእንጨት ኮላ ይለጠፋል። የሱፐር ግሉ ትነት ፕላስቲኩን ነጭ ስለሚያደርገው እዚህ ላይ አይነካ። አምፖል የሚያስገባ ሰው ሬዚኑ ብርሃን እንዳያሳልፍ ውስጡን አስቀድሞ በጥቁር ይቀባ።

ቦታ ማስያዝ

ሕንፃው በሰሌዳው ላይ በሙጫ አይታሰርም። ከኋላ ባለው ኮምፔንሳቶ በኩል በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከሰማዩ ሰሌዳ ጋር ቢያያዝ፣ በበጋ አቧራ ሲጠግብ ተፈትቶ ይጸዳል። ሕንፃው ከመሬት በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጥላ የሚጥል ክፍተት ከታየ ግን የተደከመበት ሁሉ ካርቶን ስለሚመስል፣ በወንፊት የተነፋ አፈር በውኃ ከቀጠነ የእንጨት ኮላ ጋር ተለውሶ በስቴኪኒ ጫፍ ክፍተቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በዚህ ጊዜ አንድ ስስ የፌስታል ቁራጭ በግድግዳውና በአፈሩ መካከል ከገባና አፈሩ ሲደርቅ ከተሳበ፣ ሕንፃው ሳይጣበቅ ጠርዙ ይዘጋል።